እግዚአብሔርም ቢሆን ሽማግሌ ይላክ

አስቻለች ደበላ በዚያ ክረምት ሦስት ሰው ዋሸች፤ ሦስቱንም በአንድ ውሸት። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑላት ብዬ አይደለም። እኔም እስከዚያች እሁድ ድረስ አላዘንኩላትም፤ እንዲያውም ንቄያት ነበር።

ጉለሌ ውስጥ የአስቻለችን ምላስ የማይፈራ አልነበረም። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ መሀል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ተቀጥራለች። ለሰው ሁሉ ስም ታወጣለች። የቀበሌው ካድሬ በእሁድ ስብሰባ የሸመደደውን ሲያነበንብ፣ እሷ ከኋላ ወንበር ሆና «ይሄ ደግሞ የዋጠውን ሳያኝክ ይመልሳል» ትልና ረድፉን በታፈነ ሳቅ ትጨርሰዋለች። የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯን ገበያነሽን፣ ያቺን በአጥር ቀዳዳ የሰው ምሥጢር የምትለቅም ጎረቤቷን፣ «ማይክራፎኗ» ያለቻት እሷ ናት፤ ስሙም እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ሰው ይህን እያየ ደፋር ይላታል። ወይ ጉድ! የፈሪ ዱላ ሰባት ነው ሲባል አልሰማችሁም? ቀድማ የምትስቀው እንዳይሳቅባት ነው። በዚህ ዓለም ላይ ከጅብም ከጥይትም ይልቅ የሚያስፈራት የሰው ሳቅ ነበር።

ውሸቱ እንዲህ ነው። ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የካቶሊክ እህቶች ቤት አለ፤ ጧሪ የሌላቸው አሮጊቶች የሚጦሩበት። እናቷ ወይዘሮ ሾዴ በልጅነታቸው ሚሲዮን ያደጉ ካቶሊክ ናቸው፤ እሷንም በዚያው እምነት አሳድገዋታል። ስለዚህ አስቻለች ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች የአሮጊቶቹን እግር ታጥባለች፣ ጥፍራቸውን ትቆርጣለች። አንድ ቅዳሜ ዓይነ ስውሯ እማማ ጀዊሪያ፣ እግራቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትቆርጥላቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ነው እንጂ የሚቸኩለው እጅሽስ አይቸኩልም» አሏት። የአሮጊት ጨዋታ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ግን አስቻለች መቀሱን እንደያዘች ደረቷ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ሲንጫጫ የኖረ ነገር ዝም አለ። እዚሁ ብኖርስ? አለች በሆዷ። እንደነዚህ እህቶች ሆኜ፣ ዕድሜዬን ሙሉ፣ እዚሁ ብኖርስ? እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ደስታው ራሱ አስደነገጣት።

ታዲያ ምን አደረገች? ሸሸች ነዋ! የእህቶቹ አለቃ ሲስተር ዓለሜ ጠርተው «ልጄ፣ ጥሪ ያለሽ ይመስለኛል፤ አንቺስ ምን ይሰማሻል?» ቢሏት፣ «እኔማ እፈልግ ነበር፤ አባቴ ግን አልፈቀዱልኝም» አለች። አባቷን አልጠየቀችም። ዊንጌት ታክሲ መቆሚያው አጠገብ ጎማ የሚጠግነው አድነው፣ የምትወደው ሰው፣ «ሽማግሌ ልላክ ወይ?» ቢላት ደግሞ «አባቴ ለጎሚስታ አልሰጥም ብለዋል» ብላ ደብዳቤ ጻፈችለት። ይህንንም አልጠየቀቻቸውም። ሦስተኛዋ የተዋሸች ራሷ ናት፤ ብቻዋን ስትሆን «እኔ ምን ላድርግ፣ አባቴ ናቸው» እያለች ራሷን ታባብል ነበር። ምስኪኑ አቶ ደበላ ሸጎሌ ከብት ተራ በሬ ሲያማርጡ ይውላሉ። በስማቸው ሁለት በር እንደተዘጋ የነገራቸው የለም።

*

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሲስተር ዓለሜ አስቻለችን ልብስ ማጠቢያው ጋ ለብቻዋ አገኟት።

«አዲስ የሚገቡትን ልጆች የሚወስደው መኪና ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ናዝሬት ይሄዳል» አሏት። «አራት ናቸው። አንቺ አምስተኛ ትሆኛለሽ ወይ?»

«ሲስተር፣ የአባቴን ነገር ያውቁታል እኮ...»

«አላውቀውም። አንቺ ከምትነግሪኝ በስተቀር የማውቀው የለም።» ሲስተር ዓለሜ እርጥብ አንሶላ እያጠፉ ነበር፤ አንዱን ጫፍ ሰጧት። «ሕጉ ትልቅ ሰው ነሽ ይልሻል። እኔ ግን ከአባቷ ቤት በመስኮት የወጣችን ልጅ በበር አላስገባም። ቀበሌውም ቢሆን ‹ሴት ልጅ ሸሸጉ› ሊለን አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው። እሺም ይበሉ እምቢም ይበሉ፣ አባትሽ ፊት ቆመሽ እንደተናገርሽ ልወቅ።»

«እሺ ሲስተር።» እሺ ማለት መቼ ከብዷት ያውቃል።

«ቆይ፤ ምኑን ነው የምትፈሪው?»

አስቻለች አንሶላውን ወደ ደረቷ ሰበሰበችው። «ብሳሳትስ? ገብቼ ብመለስስ? እዚያ ሰፈር ውስጥ እንዴት ይሳቅብኛል! ‹እግዚአብሔርም አልፈልግሽም አላት› ነው የሚሉኝ።»

«ብትመለሺ ትመለሻለሽ። የሙከራ ጊዜ የተሠራው ለዚህ አይደለም? ስንቷ ገብታ ተመልሳ፣ አግብታ ወልዳ፣ ዛሬ ልጆቿን ይዛ ትጠይቀናለች።» ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «መፍራትሽን አልጠላሁትም ልጄ። እኔም የገባሁ ቀን ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። የጠላሁት በሌላ ሰው ጀርባ መደበቅሽን ነው።»

 አስቻለች አንሶላውን አጥፋ አስቀመጠችና ሳትሰናበት ወጣች። ፊቷ በጥፊ እንደተመታ ይግል ነበር።

*

አድነውን ላስተዋውቃችሁ። አባቱ ኦጋዴን ጦርነት ቀርተውበት ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ነው። ከካቶሊክ እህቶቹ አሮጌ ቮልስዋገን ጎማዎች አንዱ በየሳምንቱ ይተነፍሳል፤ አስቻለችም አብራ መጥታ ጥገናው እስኪያልቅ ጃንጥላ ይዛ ትቆማለች። የተዋደዱት እንዲህ ነው። ብዙ አያወራም። የተነፈሰ የውስጥ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ዝም ብሎ ያያል፤ እሷ ደግሞ እሱን ታያለች። ቀና ሲል ዓይኗን ወደ መንገዱ ትመልሳለች። እሷ የማትሰድበው ብቸኛ የጉለሌ ሰው እሱ ነበር።

ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ ዊንጌት ወረደች። ዝናቡ ይወርዳል። አድነው ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሎ ይሠራ ነበር፤ ቀና ብሎ አላያትም።

«ትናንት ሲስተር ዓለሜ ጎማ ተንፍሶባቸው መጡ» አለ።

«እና?» ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላዋን አጥፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«‹አቶ ደበላን ታውቃቸዋለህ? እንደሚባሉት ክፉ ሰው ናቸው ወይ? ልጃቸው ወደ እኛ ልትገባ ብትፈልግ ከልክለዋታል› ብለው ጠየቁኝ።»

አስቻለች ወንበር ፈለገች፤ ወንበር አልነበረም።

«ለእኔ፣ አባቴ ከለከሉኝ» አለ አድነው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ለእነሱም፣ አባቴ ከለከሉኝ። ለአባትሽስ ማን ከለከለኝ ብለሽ ልትነግሪያቸው ነው? ቀበሌው?»

«አድነው፣ እኔ እኮ... ማለቴ...»

«አባትሽን ለእኔም ለእነሱም አልጠየቅሻቸውም። አይደለም?»

ጨዋ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አዎ ብሎ ያለቅሳል። እሷ ግን የለመደችውን መዘዘች። «አንተ አርፈህ ጎማህን ንፋ! የሰው ነፍስ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ!»

ያኔ ቀና ብሎ አያት። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ዓይን አይቷት አያውቅም። ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር። ንቀት ነው።

«ጎማ እነፋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የተቀደደውን ግን ደህና ነው ብዬ ለባለቤቱ አልመልስም። ገዳም ልግባ ማለትሽ አይደለም ያናደደኝ። እሱን ብትነግሪኝ አለቅስ ነበር፤ እጣላሽም ነበር። ግን ሰው ነህ ብለሽ ነገርሽኝ እል ነበር። አንቺ እውነት አይችልም ብለሽ ናቅሽኝ። እኚያንም ሴትዮ ናቅሻቸው። ኧረ እግዚአብሔርንም ንቀሽዋል አስቻለች! በጓሮ በር ትጠሪውና በፊት በር ሲመጣ ‹የለችም በሉት› ትያለሽ።»

ከደረት ኪሱ ደብዳቤዋን አወጣ። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ተዘርግቶ ታጥፏል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ አለ። እጇ ላይ አስቀመጠው።

«ውሰጂው። ከላይ እስከ ታች አባትሽ፣ አባትሽ ነው የሚለው። አንቺ የለሽበትም። እኔ ጋ ምን ይሠራል?»

ጃንጥላዋን ረስታ ወጣች። ዳገቱን በዝናብ ስትወጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚብላላባት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትንቅ ኖራ፣ ዛሬ አንድ ሰው ናቃት፤ እሱም ልክ ነበር።

*

ቤት ስትደርስ አቶ ደበላ ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማቸውን ሊያወልቁ ይታገላሉ። ወይዘሮ ሾዴ ምስር ይለቅማሉ። አስቻለች ነጠላዋ ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመች። ድፍረት አይደለም፤ እፍረት ነው የገፋት።

«አባዬ፣ ገዳም መግባት እፈልጋለሁ። ካቶሊክ እህቶቹ ጋ።»

አቶ ደበላ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ሚስታቸውን አዩ፤ ሚስታቸው አልሳቁም። ቦት ጫማውን ወረወሩት።

«ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ! ይህን ለከብት ነጋዴ ነው የምታመጪው? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩሽ የአሮጊት ጥፍር ልትቆርጪ ነው?»

«ደበላ፣ ቀስ በል» አሉ ወይዘሮ ሾዴ። «ማይክራፎኗ አጥር ጥግ ናት።»

«ትስማ! ጉለሌ በሙሉ ይስማ!» አቶ ደበላ በአንድ እግር ጫማ ተነሡ። «ሰው ጊደር ሊወስድ እንኳ ደጅ መጥቶ፣ ባለቤቱን ሰላም ብሎ፣ ተለማምጦ ነው። እነዚህ ሴቶች ደጄን ሳይረግጡ ልጄን ይዘው ሊሄዱ? የአባት ስም የላትም? ልጄን የሚፈልግ ሽማግሌ ይልካል! ሰው ቢሆን ሽማግሌ ይልካል፣ እግዚአብሔርም ቢሆን ሽማግሌ ይላክ! ለእነዚያ ከምሰጥስ ያ የዊንጌቱ ጎሚስታሽ ሽማግሌ ቢልክ ነገውኑ እሰጠዋለሁ። የማላውቅ መስሎሽ ነው? እሱ ቢያንስ እጁ ሥራ ያውቃል!»

አስቻለች ግድግዳውን ያዘች። ተዘግቷል ብላ የማለችበት በር ለካ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ገፋ አላደረገውም።

አቶ ደበላ ቁጣቸው ሲወጣላቸው ተቀመጡ። ድምፃቸው ወረደ። «እስቲ ቆይ፣ አንቺ ልጅ። አንቺ ነሽ የፈለግሽው ወይስ እነሱ ናቸው ያባበሉሽ?»

የምር ጥያቄ ነበር። ሰውዬው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ። አንዲት ቃል ናት የቀረቻት፤ «እኔ» ማለት። ልጆች የሚችሏት ቃል ናት።

«እ... ማለቴ... እነሱ ናቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ» አለች።

«አውቄው ነበር!» አሉ አቶ ደበላ።

ወይዘሮ ሾዴ ምስር መልቀማቸውን አቁመው ልጃቸውን አዩ።  ተመልሰው ወደ ሰፌዱ አቀረቀሩ። አስቻለች ያን ዕለት ከሰማችው ስድብ ሁሉ የእናቷ ዝምታ ባሰባት።

*

ገበያነሽ ሥራዋን ሠራች። በሁለት ቀን ውስጥ ከዊንጌት እስከ ሸጎሌ ያልሰማ የለም። አስቻለች በቀበሌው ሱቅ ለስኳር ስትሰለፍ ከኋላ አንዷ «እግዚአብሔር ሽማግሌ ላከ ወይስ ገና ነው?» አለች፤ ሰልፉ በሙሉ አውካካ። ስታፌዝባቸው የኖረቻቸው ሁሉ ብድራቸውን መለሱ። እነዚህ ስኳር ሲመጣ የሚጋፉ፣ ሲሄድ የሚተማሙ ሰዎች! አስቻለች ቆማ ሰማች። ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው ሳቅ እነሆ መጣ። ጆሮዋ ጋለ። ከዚያ ተራዋ ደረሰና ስኳሯን ተቀብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ይኸው ነው? አለች መንገድ ላይ። ይህንን ነው ስፈራ የኖርኩት?

ፍልሰታ በተፈታበት እሁድ፣ የቀበሌው ስብሰባ ከተበተነ በኋላ፣ ዝናቡም ፋታ ሲሰጥ፣ ሦስት ሰዎች የአቶ ደበላን ግቢ በር አንኳኩ። ወይዘሮ ሾዴ በመስኮት አይተው ልጃቸውን ወደ ጓዳ ገፏት። አስቻለች በመጋረጃው ስንጥቅ አየች። ከፊት ጋሽ ዱጉማ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፤ አባቷ ከብት ተራ ላይ የሚያከብሯቸው አንድ ሰው ቢኖሩ እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ ጋሽ ይገዙ፣ ከውትድርና ጡረታ የወጡት የአድነው አሠሪ፣ በአሮጌ የወታደር ካፖርታቸው። ከኋላ ራሱ አድነው። የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ ይሰፋዋል።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ደበላ።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ዱጉማ፣ እንደ ወጉ።

አቶ ደበላ ዓይናቸው አድነው ላይ አረፈ። «ይሄስ ምን ይሠራል እዚህ? ሙሽራ ሽማግሌ ተከትሎ ሲመጣ የት አገር አያችሁ? ምነው፣ ሥርዓት የሚያስተምረው አባት አጣ?»

አባቱን በጦርነት ላጣ ልጅ ይህ ይባላል? አድነው ግን መሬት መሬቱን አየ።

ጓዳ ውስጥ ወይዘሮ ሾዴ የልጃቸውን ክንድ ያዙ። «መጣልሽ» አሉ በሹክሹክታ። «አባትሽ እሰጠዋለሁ ብሏል፤ ቃሉን አያጥፍም። ዝም ብትይ ያልቃል።»

እውነት ነው፤ ዝም ብትል ያልቃል። ሴት ልጅ ጓዳ ሆና ዝም ካለች እሺ ብላለች ነው። ማንም ምንም አይጠይቃትም። ሰልፍ ላይ የሳቁት ሁሉ እልል ይላሉ፤ ገበያነሽ ናት ቀድማ ከበሮ ይዛ የምትጨፍረው። ደግሞም ትወደዋለች! በስንጥቁ ጣቶቹን አየች። ምን ያህል ቢፈትጋቸው ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር አልለቀቀውም። ይህን እጅ ይዛ መኖር ትችላለች፤ ይህ ውሸት አይደለም። ምንም አለማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ያንን ደግሞ እንደ እሷ የሚችልበት የለም።

እጅሽስ አይቸኩልም፣ ያሉት እማማ ጀዊሪያ ትዝ አሏት። ጭኗ ላይ የነበረው የዚያ እግር ክብደት ትዝ አላት።  ፍርሃቱ እስኪለቃት ብትጠብቅ እዚያው ጓዳ እንደምታረጅ ገባት። ስለዚህ ፍርሃቷን ይዛው ወጣች።

«አባዬ፣ እነሱ ከመናገራቸው በፊት እኔ ልናገር።»

ጋሽ ይገዙ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሽማግሌ ቆሞ ሳለ ከጓዳ የወጣች ልጅ አይተው አያውቁም።

«ግቢ!» አሉ አቶ ደበላ።

«አልገባም። ዋሽቻለሁ።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ጠግና ቀጠለች። «እነሱ አላባበሉኝም። እኔ ነኝ የፈለግሁት። የሰው ሳቅ ፈርቼ፣ እርስዎን ሳልጠይቅ፣ ሲስተር ዓለሜን ‹አባቴ ከለከሉኝ› አልኳቸው። አድነውንም ‹አባቴ ለጎሚስታ አይሰጡኝም› አልኩት። በስምዎ ሁለት ጊዜ ነገድኩ። ይቅር ይበሉኝ።» ወደ አድነው ዞረች፤ ዓይኑን ግን ማየት አልቻለችም። «አድነውን እወደዋለሁ። ሽማግሌ ፊት እንዲህ ማለት ነውር ከሆነ ይሁን። እወደዋለሁ፣ ግን አላገባውም። ልቤ የሚያርፈው እዚያ ቤት ነው። ልሳሳት እችላለሁ። ከተሳሳትኩ በዚሁ በር እመለሳለሁ፤ የሚስቅም ይሳቅ።»

ከአጥሩ ማዶ የሆነ ሰው አስነጠሰ።

  ጋሽ ዱጉማ በትራቸውን ተደግፈው ወደ አድነው ዞሩ። «በል እንግዲህ ልጄ» አሉ። «አሁን የመጣንበትን ተናገር።»

አድነው አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

«ጋሼ ደበላ፣ ሥርዓቱ ጠፍቶኝ አይደለም» አለ። «ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። እኔ ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት። እርስዎ ‹እግዚአብሔርም ቢሆን ሽማግሌ ይላክ› ብለዋል፤ ጉለሌ በሙሉ ሰምቷል። ሲስተር ዓለሜ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ቀጥለው አለቀሱ፣ ከዚያ ‹እንግዲያስ እናንተ ሂዱልን› አሉኝ። ልጅዎን... ልጅዎን አስቻለችን፣ ለእግዚአብሔር ቤት እንዲሰጡን በትሕትና እንለምናለን።»

ስሟ ላይ ሲደርስ ድምፁ ከዳው። አስቻለች እጇን አፏ ላይ አደረገች።

አቶ ደበላ ሰው የሚሉትን ፍጥረት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየ አፈጠጡበት። «አንተ? አንተ ለሌላ ትለምናለህ? ላንተ እሰጥሃለሁ ማለቴን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሁለት ቃል ይዤ ነው የመጣሁት፤ ጋሽ ዱጉማ ያውቃሉ።» አሁን አድነው የሚያየው እሷን ነበር። «ከጓዳ ባትወጣ ኖሮ ሥርዓቱን አፍርሼ ለራሴ ነበር የምለምነው። ፈርታ የተደበቀች ሴት ለእግዚአብሔር አልሰጥለትም፣ እኔው እወስዳታለሁ ብዬ ነበር።» የሰፋውን ኮት ትከሻው ላይ አስተካከለ። «ወጣች።»

አቶ ደበላ ለረጅም ጊዜ ልጃቸውን አዩ። አገጫቸው ይንቀጠቀጣል፤ በከብት ተራ ሰው ወግ በሳል ሊሸፍኑት ሞከሩ። «እናንተ ሰዎች!» አሉ በመጨረሻ። «አሁንስ ትቀመጣላችሁ ወይስ እዚያው ተተክላችሁ ትቀራላችሁ?»

እሺታ ነበር። ወይዘሮ ሾዴ ከጓዳ እልልታ ጀምረው ለቅሶ አደረጉት። ጋሽ ዱጉማና ጋሽ ይገዙ ተቀመጡ። አድነው አልተቀመጠም። በሩ ጥግ አስደግፎት የገባውን አንድ ነገር አንሥቶ ወደ አስቻለች መጣ፤ ጃንጥላዋ ነበር። ተሰብሮ የነበረው ዘንግ በቀጭን ጎማ ተጠፍንጎ ተጠግኗል።

«ረስተሽው ነበር» አለ። «ናዝሬት ብዙ አይዘንብም ይላሉ፤ ቢሆንም ያዢው።»

ቀና ብላ ዓይኑን አየች፤ የረቡዑን ንቀት ፈለገች። እሱን ብታገኝ መሄዱ ይቀላት ነበር። አልነበረም። በምትኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀና ሲል የምትሸሸው ያ ዓይን ነበር፤ ዛሬ አልሸሸችውም። አድነው ራሱን ነቅንቆላት ወጣ። ጭቃውን እየመረጠ፣ የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ እየተንሸራተተ፣ ቁልቁለቱን ወደ ዊንጌት ወረደ።

አስቻለች እሱን ለመሸኘት እስከ ግቢው በር ወጥታ ቆመች። እንባዋ መጣ። እጇ ጃንጥላውን ሊዘረጋ፣ ፊቷንም ሊሸፍን ተንቀሳቀሰ፤ ልማድ አይደል። ከዚያ ተወችው። ጃንጥላውን እንደታጠፈ ይዛ፣ ዝናብ በሌለበት ሰማይ ሥር፣ መንገደኛው ሁሉ እያያት አለቀሰች። ገበያነሽም በአጥሩ ቀዳዳ ታይ ነበር። ትይ።